ከአንደኛው ጥያቄ እስከ ዐሥራ ሰባተኛው

ከመካከላችን አንዱ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ዓመቱን ሙሉ ራሱን ሲያመው ከረመ። እናቱ “ምች ነው” ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡት፤ ግንባሩንም በሻሽ ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። አባቱ “ዐይኑ ነው፤ ሌሊት እያነበበ” አሉና መነጽር አስገዙለት። ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ክኒን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። ጎረቤቲቱ ደግሞ “ቡና ሳይጠጣ ውሎ ነው” አሉ። ዳማከሴውም፣ መነጽሩም፣ ክኒኑም፣ ቡናውም ለአንድ ሁለት ቀን እየረዱ መልሰው ተዉት።

እነዚህ ሁሉ ደግ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም አቅማቸው የፈቀደውን አድርገዋል። “ለመሆኑ እንቅልፍ ይወስድሃል? ሌሊት ምን እያሰብህ ነው የምታድረው?” ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ቢጠየቅ የሚመልሰው ነበረው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየባነነ “ባላልፍስ?” ሲል ያነጋ ነበር። የሚወደውን ኳስ ማየት ካቆመ ወራት አልፈዋል። እህል አልወርድ ካለው ሰንብቷል። ግን ይኼን ሁሉ በየትኛው ቃል ይናገረው? “ጨንቆኛል” ቢል “በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለህ?” ይባላል። “ሆድ ባሰኝ” ቢል “አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?” ይባላል። “ራሴን አመመኝ” ሲል ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከመቀመጫው ይነሣል። ስለዚህ ራሱን አመመው። ውሸቱን አልነበረም፤ በእውነት ያመው ነበር።

ዛሬ ደኅና ነው፤ ይኼን ስንጽፍም “ስሜን ብቻ እንዳትጠሩ” እያለ አጠገባችን ተቀምጧል። እኛ ግን ከእሱ ነገር ተነሥተን አንድ ጥያቄ ያዘን። ወጣት ልጅ “ራሴን አመመኝ” ሲል ሰሚው ምን ሲሰማ ኖሯል? መልሱን ፍለጋ ስንገባ ከለንደን እስከ ናይጄሪያ፣ ከቻይና እስከ ቡታጅራ የሚዘልቅ፣ ዕድሜውም ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያላነሰ ታሪክ አገኘን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት “ዓ.ም.” ካልተባሉ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እጁን ያወጣው ክፍል

ታሪኩን ከ1873 እንጀምር። ዊሊያም ሄንሪ ዴይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በዚያ ዓመት ስለ ልጆች በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለራስ ምታት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ፣ የልጆች ራስ ምታት በአብዛኛው የሚመጣው ኑሯቸው በአግባቡ ስላልተሰናዳ ነው የሚል ነው። ምስኪኑ ዴይ የአእምሮ ጤና የሚባል ቋንቋ አልነበረውም። ነገር ግን የልጁን ራስ ትቶ የልጁን ኑሮ ተመለከተ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው።

ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ልጅን ሁሉ ትምህርት ቤት ማስገባት ገና አዲስ ነገር ነበር፤ መሠረት የጣለው ሕግ የወጣው በ1870 ነው። ትምህርት ቤት ሲበዛ ፈተና በዛ። ፈተና ሲበዛ ደግሞ “ልጆቻችን ከአቅማቸው በላይ እየተጫኑ ነው” የሚል ክርክር ተነሣ። በ1884 ጄምስ ክራይተን ብራውን የተባለ የአእምሮ ሐኪም የለንደንን ትምህርት ቤቶች ዞሮ እንዲያይ ተደረገ። በየክፍሉ እየገባ ራሱን የሚያመው ልጅ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ከተጠየቁት ግማሽ የሚጠጉት እጃቸውን አወጡ።

የተከተለው ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ከመንግሥት የትምህርት ተቆጣጣሪዎች አንዱ የነበረው ጆሹዋ ፊች ሪፖርቱን የሚያጣጥል ማስታወሻ ጻፈ። ክርክሩ የዋዛ አልነበረም፤ ልጅ በጅምላ ሲጠየቅ ጓደኛው እጁን ስላወጣ ብቻ እጁን ሊያወጣ ይችላል። በዚህ ፊች እውነት አለው። ነገር ግን በአኀዙ ላይ ሲከራከሩ፣ አንዱንም ልጅ ብቻውን ጠርቶ “ራስህን የሚያምህ መቼ መቼ ነው? ምን ስታስብ?” ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ግማሽ የሚጠጋው ክፍል እጁን አወጣ፤ እጁንም መልሶ አወረደ።

ከለንደን ወደ አቤኩታ

በዚያው ዘመን ለዚህ ነገር ስም አልጠፋም ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ቢርድ በ1869 “ኒውራስቴኒያ” ብሎ ሰየመው፤ የነርቭ መድከም እንደማለት ነው። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና ዝለት ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። ቢርድ ጥፋቱን በሥልጣኔ ላይ ጣለ፤ ባቡሩ፣ ቴሌግራፉ፣ ጋዜጣው ነርቭን ይጨርሳሉ አለ። (ስልካችሁን አስቀምጡ የሚሉን ዘመዶቻችን ከቢርድ የተማሩ ይመስለናል።) እንግሊዞቹ ደግሞ የተማሪውንና በአእምሮው የሚሠራውን ሰው ድካም “ብሬን ፋግ” ይሉት ጀመር፤ የአንጎል ዝለት ማለት ነው። የሚያበረቱ መድኃኒቶች ሻጮችም ስሙን ለማስታወቂያ ተሻሙበት።

ቆይቶ ቃሉ እንግሊዝ ውስጥ ተረሳ። ያልተረሳው በቅኝ ግዛቶቹ ነው። ሬይመንድ ፕሪንስ የሚባል ካናዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በናይጄሪያ አቤኩታ ከተማ፣ አሮ በሚባለው ሆስፒታል ከታላቁ ናይጄሪያዊ ሐኪም ከቶማስ አዴዮዬ ላምቦ ጋር ሠርቷል። ወደ እሱ የሚመጡ ተማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ይነግሩት ነበር፦ ራሴንና ማጅራቴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል፤ ያነበብኩት አይገባኝም፤ ፊደሉ ዐይኔ ላይ ይደበዝዛል። ሕመሙን ራሳቸው ተማሪዎቹ “ብሬን ፋግ” ብለው ይጠሩት ስለነበር፣ ፕሪንስ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ያንኑ ስም አጸደቀው። ናይጄሪያ ነጻ የወጣችበት ዓመት መሆኑ ነው።

የፕሪንስ ማብራሪያ ዛሬ ሲነበብ ያስተዛዝባል። ችግሩን የአውሮፓ ትምህርት ከአፍሪካዊው ሰብዕና ጋር አልስማማ ብሎ ነው አለው፤ ብቻን ቁጭ ብሎ ማጥናት በማኅበር ለኖረ ሰው ይከብዳል ዓይነት ነገር። በ1994 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ብሬን ፋግን “ከባህል ጋር የተቆራኙ” ከሚላቸው ሕመሞች ተርታ መዘገበው። የአፍሪካ በሽታ ሆነ ማለት ነው። በኋላ ናይጄሪያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኦዬዴጂ አዮንሪንዴ የድሮ የእንግሊዝ መጻሕፍትን አገላብጦ ስሙም ሕመሙም ከአፍሪካ በፊት እንግሊዝ ውስጥ እንደነበሩ አሳየ። በ2013 በወጣው አዲሱ መመሪያ ደግሞ ብሬን ፋግ ራሱን የቻለ ቦታ አጣ። “የእናንተ ነው” ተብሎ የተሰጠን በሽታ የራሳቸው የአያቶቻቸው ልብስ ሆኖ ተገኘ።

የባህሉን ነገር ትተን ልጁን ብንመለከተው ኖሮ ምን እናይ ነበር? መላው ቤተሰብ የሌለውን አውጥቶ ያስተማረውን፣ በአንድ ፈተና ላይ የብዙ ሰው እንጀራ የተንጠለጠለበትን ልጅ። ለዚህ አቤኩታ መሄድ አያስፈልግም። የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ልጆች በዚያ ሳምንት “ራሴን አመመኝ” ብለው ከሆነ የባህል ግጭት ነው ልንል ነው?

የሆድን በራስ

እንቀጥል። በ1980 አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ቻይና፣ ሁናን ግዛት ሄደ። የቢርድ ኒውራስቴኒያ በተወለደበት አገር ሞቶ ቻይና ውስጥ ግን በሕይወት ነበር። ክላይንማን በዚህ ስም የሚታከሙ 100 ሰዎችን መረመረ። ከሁሉ በላይ የሚያማርሩት ስለ ራስ ምታታቸው ነው። በዝርዝር ሲጠይቃቸው ግን 87ቱ የድብርት ሕመም እንዳለባቸው አገኘ፤ ጥናቱም በ1982 ወጣ። ብዙዎቹ የባህል አብዮት የሚባለውን መከራ ያሳለፉ ነበሩ። ያ ዘመን “ከፍቶኛል” ማለት በራሱ በፖለቲካ የሚያስጠረጥርበት ዘመን ነበር። ራስ ምታት ግን ፓርቲ የለውም። ማንም “ራስህን ለምን አመመህ?” ብሎ ለግምገማ አያቀርብህም።

በግምገማ ያለፈ ወላጅ ያሳደገን እኛ ይኼን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። የእኛ ሰው ስሜቱን የሚያስቀምጠው ሆዱ ውስጥ ነው፤ የሆዱን በሆዱ ይዞ ይኖራል። ሲሞላና አልቻል ሲለው ግን የሆዱን በራሱ ይናገራል።

ይኼ የምሥራቁና የአፍሪካው ሰው ጠባይ ነው፣ ፈረንጅማ ስሜቱን በቀጥታ ይናገራል፣ ይባል ነበር። በ1999 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ይኼን ተረት ሰበረው። በ14 አገሮች ጤና ተቋማት ውስጥ ድብርት የተገኘባቸው 1,146 ሰዎች ሐኪም ጋ የመጡበት ምክንያት ሲታይ፣ 69 በመቶዎቹ የተናገሩት የአካል ሕመም ብቻ ነበር። ከአገር አገር ልዩነት ቢኖርም የሌለበት አገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ሐኪም ጋ ሲሄድ በሩን የሚያንኳኳው በአካሉ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ይኼንኑ በድሃ አገሮች አይቶት ነበር። በ1980 የወጣው ጥናት ኮሎምቢያን፣ ሕንድን፣ ፊሊፒንስንና ጎረቤታችንን ሱዳንን ያካተተ ነው። በጤና ጣቢያዎቻቸው ከታዩት 1,624 ሰዎች መካከል 225ቱ የአእምሮ ጤና ችግር ነበረባቸው። አብዛኞቹ የመጡት ግን እንደ ራስ ምታት፣ ሆድ ቁርጠት፣ ሳልና ድካም ባሉ ምክንያቶች ነው። ጤና ሠራተኞቹ በተለመደው አሠራራቸው ለይተው ያወቁት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር። ሁለቱ ክኒናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ልክ እንደ ወዳጃችን።

ከዚያ ሥራ ጋር ነው በብዙ አገር የታወቀው ባለ ሃያ ጥያቄው መጠይቅ የመጣው። ጥያቄዎቹ “አዎ” ወይም “አይደለም” ተብለው የሚመለሱ ናቸው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ሲያነቡለት ይመልሳቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይመስላችኋል? አያዝንህም ወይ፣ አትጨነቅም ወይ አይደለም። ራስህን ቶሎ ቶሎ ያምሃል ወይ ነው። ከዚያ ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። ከዚያ ስለ እንቅልፍ። ቀስ እያለ ወደ ፍርሃት፣ ወደ ልቅሶ፣ ምንም አልጠቅምም ወደ ማለት ይሄዳል። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን፣ ጨዋ እንግዳ አገባብ አለው። እንግዳ ሲገባ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ ነው ወደ መጣበት ጉዳይ የሚሄደው። ዐሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም።

መጠይቁ ወደ አማርኛ ተመልሶ አገራችንም ገብቷል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 10,468 ሰዎችን በዚሁ መጠይቅ አነጋግረው ውጤቱን በ1999 አሳተሙ። 17.4 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው የሚያመለክት ነጥብ አስመዘገቡ። ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው፤ ያውም ገጠር ነው፣ ሰው ተረጋግቶ ይኖርበታል በምንለው ቦታ።

ያኔ ለዚህ ሁሉ ሰው የነበረው ሐኪም ስንት ነበር? በጣሊያን ጊዜ የተመሠረተው አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ጤና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 ሲሆን፣ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ደግሞ በ2003 ነው። ስለዚህ “ለምን አልጠየቁንም?” ብለን ጤና ጣቢያውን ከመውቀሳችን በፊት፣ ጠያቂውን የሚያሠለጥን ሰው ራሱ የመጣው ትናንት መሆኑን ማስታወስ ደግ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ስሕተት ነው፤ ራሱን ብቻ አክሞ ሰውየውን መርሳት። ነገር ግን ታሪኩ ሌላ ስሕተትም አለው። እሱም “ራስህን ያመመህ ጠባይህ ነው” ማለት ነው።

ሃሮልድ ዎልፍ የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም የራስ ምታት ጥናት አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1937 የማይግሬን ታማሚዎችን ጠባይ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ፤ ነገር ሁሉ ልክ ካልሆነ የማይወዱ፣ ግትሮች፣ ለራሳቸው የማይራሩ፣ ስኬት የሚያሳድዱ አድርጎ ሣላቸው። ዎልፍ ለታማሚዎች ክፉ አልነበረም፤ እሱ ራሱ ማይግሬን ነበረበት። ሐሳቡ ግን ከእጁ ወጣ። ከዚያ በኋላ ራሷን የሚያማት ልጅ “አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ”፣ “ነገር ስለምታብሰለስዪ ነው” ለመባል ሳይንሳዊ ድጋፍ የተገኘ መሰለ።

መልሱን የሰጠው ትዕግሥት ነው። ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ቦ ቢሌ ኡፕሳላ ውስጥ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ፣ ከ7 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች አጥንቶ በ1962 አሳተመ። ከመቶ አራት የሚጠጉት ማይግሬን ነበረባቸው። በጠባይ ሲታዩ በእርግጥ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ የሚጨነቁ፣ ነገር ቶሎ የሚሰማቸው ናቸው። ቢሌ ግን እዚያ ላይ ፈርዶ አልቆመም። ከመካከላቸው 73ቱን ለአርባ ዓመት ተከታተላቸው። ውጤቱ በ1997 ሲወጣ ልጆቹ አምሳ ዓመት ገደማ ደርሰዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማይግሬኑ አልለቀቃቸውም። የልጅነት ቅብጠት አርባ ዓመት አይኖርም። ማይግሬን እውነተኛ የአንጎል በሽታ ነው፤ በዘር ይወርዳል፤ የራሱ መድኃኒትም አለው።

እኛም አገር ጥቂት አይደለም። በ2016 በታተመ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በተሳተፉበት አገራዊ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን ያጋጠማቸው ዐዋቂዎች 17.7 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህን ሰዎች ሁሉ “ጭንቀት ነው፣ ጸልዩ፣ ተዝናኑ” ብሎ መሸኘት፣ የቀረውን ደግሞ “ማይግሬን ነው፣ ይኼን ዋጥ” ብሎ መሸኘት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው።

ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ?

ታዲያ የትኛው ነው የሚቀድመው? ጭንቀቱ ራሱን ያሳምመዋል ወይስ ራስ ምታቱ ያስጨንቀዋል? ናኦሚ ብሬስላውና ባልደረቦቿ ይኼን ለማወቅ በአሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ ከ21 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ወደ አንድ ሺህ ወጣቶች ተከታተሉ። በ1991 ባወጡት ጽሑፍ ማይግሬን ያለባቸው ወጣቶች ድብርትና ጭንቀት እንደሚበዛባቸው አሳዩ። በ1994 ደግሞ ዋናው ነገር መጣ። ማይግሬን የነበረበት ወጣት በኋላ ድብርት የመያዙ ዕድል ከሌላው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ድብርት የነበረበትም እንዲሁ በኋላ ማይግሬን የመያዙ ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። አንዱ የሌላው ልጅ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ባደላ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሳይሆኑ አይቀሩም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ወደሚለው አዘነበሉ።

በ1998 ከአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ ለወንዶቹ የሚሆን ነገር ይዞ መጣ። በሴት ልጆች ላይ ራስ ምታት ከድብርትና ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በወንዶቹ ላይ ግን የተያያዘው ከአስቸጋሪ ጠባይ ጋር ነው፤ ከመደባደብ፣ ሕግ ከመጣስ። ክፍል ውስጥ የሚረብሸውና “ራሴን አመመኝ” ብሎ የሚወጣው ልጅ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱን ስንቀጣ ሌላውን ማከም ረስተናል ማለት ነው።

ሕክምናውስ? በ2013 የታተመ አንድ ሙከራ፣ ማይግሬን የጠናባቸውን ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 135 ልጆች ለሁለት ከፈለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን ወሰዱ። ግማሾቹ በተጨማሪ ሕመምንና ጭንቀትን መቋቋም የሚያስተምር የንግግር ሕክምና አገኙ፤ ሌሎቹ ስለ ራስ ምታት ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ሕመሙ በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው፣ ከንግግር ሕክምናው ቡድን 66 በመቶ ሲሆኑ ከሌላው 36 በመቶ ነበሩ። በ2017 ደግሞ ለልጆች ማይግሬን መከላከያ በብዛት የሚታዘዙ ሁለት ክኒኖች ከማስመሰያ ክኒን ጋር ሲወዳደሩ አልበለጡም። ሦስቱም ቡድን ተሻለው፤ የማስመሰያውም ጭምር። ክኒን ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ከክኒኑ ጋር አብሮ የሚመጣው ሰው፣ ማለትም የሚጠይቀው፣ የሚከታተለው፣ የሚሰማው ሰው፣ የሕክምናው ግማሽ ነው ማለታችን ነው።

ስለ ክኒን ካነሣን አይቀር፣ ከሱቅ በፍሬ እየገዛን ለምንውጠው ለእኛ አንድ ቃል። ተራውን የሕመም ማስታገሻ በወር ዐሥራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ እየወሰዱ ከሦስት ወር በላይ መሰንበት በራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ደግሞም ራስ ምታት ሁሉ የጭንቀት አይደለም። በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ እጅ እግርን የሚያዝል፣ ዕይታን የሚጋርድ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ከሆነ ታሪክ ማንበብ ትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ራስ የሚለው ቃል

ይኼን ሁሉ አገር ዞረን ስንመለስ ያገኘነው ነገር አፋችን ላይ የነበረ ነው። በአማርኛ “ራስ” ማለት ሁለት ነገር ነው። አንገት ላይ ያለው ራስ አለ፤ “እኔ ራሴ” ስንል ያለው ራስ ደግሞ አለ። “ራሴን አመመኝ” የሚለው ልጅ የትኛውን እንዳለ ቋንቋው አይነግረንም። ራሱን የሳተ፣ ራሱን የጠላ፣ ራሱን ያጠፋ የምንለውም በዚሁ ቃል ነው። የመጠይቁ አንደኛ ጥያቄና ዐሥራ ሰባተኛ ጥያቄ በሌላው ቋንቋ ይራራቃሉ፤ በእኛ አፍ ግን በአንድ ቃል ይጀምራሉ።

አብዛኛው ራሱን የሚያመው ልጅ ዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አይደርስም፤ ማንንም ማስፈራራት አንፈልግም። የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚጀምረው ከአንደኛው አካባቢ ነው፤ አልተኛም፣ አልበላም፣ ራሴን አመመኝ ከሚለው። ዐሥራ ሰባተኛውን መጠየቅም ሐሳቡን አያስጀምርም፤ የሚያውቁት ሰዎች የሚሉት ይልቁንስ ሸክም ያቀልላል ነው። ያን ጥያቄ “አዎ” ብሎ የመለሰን ሰው ብቻውን መተው የለም፤ የሚያምነውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ወዳጃችንን በመጨረሻ የጠየቀችው ታላቅ እኅቱ ናት። ሐኪም አይደለችም፤ ክላይንማንንም ፕሪንስንም አታውቃቸውም። አንድ ማታ ክኒን ሲፈልግ አገኘችውና “ቆይ እስቲ፣ መቼ ነው የተኛኸው?” አለችው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። ክኒኑን በዚያች ሌሊት ረሳው። በማግሥቱ ራሱን ማመሙ አልቀረም፤ ተረት አይደለምና። ግን እናቱ ዳማከሴውን ሲያመጡ እኅቱ “እማዬ፣ እሱም ይሁን፤ ግን የምንነግርሽ ነገር አለ” አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ነበር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሁለቱንም የተናገረው።

ዳማከሴውን ማንም አይከለክልም። የእናት እጅ ነው፤ የእናት እጅ ደግሞ ያድናል። እኛ የምንለው እጃችን ግንባሩ ላይ ሳለ አፋችን ሁለተኛውን ጥያቄ ይጨምር ነው። በ1884 የለንደን ልጆች እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ማንም ሳይጠራቸው አወረዱት። አጠገባችን ያለው ልጅ ገና እጁን አላወረደም።